የልብስ ማድረቂያ ቱቦን በግድግዳ ውስጥ መዘርጋት፦ የመንገድ፣ የቱቦና የማሽን ምርጫ ንጽጽር

በአሜሪካ ቤት ገዝተው የሚያድሱ ወገኖቻችን፣ በተለይም በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ በሚጋሩ ታውንሃውሶች የሚኖሩት፣ የልብስ ማጠቢያውንና ማድረቂያውን ከቤዝመንት አውጥተው መኝታ ክፍሎች ወዳሉበት ፎቅ ለማዛወር ሲያስቡ በቅድሚያ የሚጠይቁት ስለ ማሽኑ ዋጋና ስለ ክፍሉ ስፋት ነው። ማጠቢያው ውሃ፣ ፍሳሽና መብራት ካገኘ ይበቃዋል፤ የተለመደው ማድረቂያ ግን ሙቅና እርጥብ አየሩን ከነጨርቅ ብናኙ ወደ ውጭ የሚያስወጣበት ቱቦ ይፈልጋል። ይህ ቱቦ በግድግዳ ውስጥ አልፎ በድራይዎል (በጂፕሰም ሰሌዳ) ከተሸፈነ በኋላ ለብዙ ዓመታት የሚያየው ሰው ስለማይኖር፣ ማድረቂያው የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ መመለስ ያለበት ቱቦው በየት በኩል ይውጣ የሚለው ከተወሰነ በኋላ ነው። ከዚህ በታች በእንጨት ለተሠሩ የአሜሪካ ቤቶች ያሉትን አማራጮች እያነጻጸርሁ፣ የትኛው ለየትኛው ቤት እንደሚስማማ አስረዳለሁ።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር ከ2008 እስከ 2010 የተሰበሰበውን መረጃ መሠረት አድርጎ ባወጣው ዘገባ፣ በመኖሪያ ቤቶች በየዓመቱ በአማካይ 2,900 ያህል የእሳት አደጋዎች ከልብስ ማድረቂያ ተነሥተው 5 ሰዎች እንደሚሞቱና 100 ሰዎች እንደሚጎዱ፣ ለቃጠሎው ከተገኙት ምክንያቶችም ቀዳሚው፣ 34 በመቶ የሚሆነው፣ አለማጽዳት እንደሆነ ገልጿል። ቱቦው ሲረዝምና ሲጠማዘዝ አየሩ ኃይሉን ያጣል፤ የተዳከመ አየር ብናኙን እስከ ውጭ መሸከም ስለማይችል በየመታጠፊያው ይጥለዋል፤ የተከማቸው ብናኝ መንገዱን ባጠበበ ቁጥር አየሩ ይበልጥ ይዳከማል፣ ማሽኑም ከሚገባው በላይ ይግላል። ማድረቂያው በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የቃጠሎው ጭስ የሚወጣው በዚያው ቱቦ ስለሆነ፣ የተዘጋ ወይም የተላቀቀ ቱቦ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤት ሊያስገባ ይችላል። እንደ እኛ ጋቢ፣ ነጠላና ወፍራም የጥጥ ፎጣ አዘውትሮ የሚያጥብ ቤተሰብ ለዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ጥጥ ብዙ ውሃ ይይዛል፣ ብናኙም ብዙ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ርዝመቱን መቁጠር

አብዛኞቹ ግዛቶች፣ አንዳንዱን ነገር እያሻሻሉም ቢሆን፣ የሚከተሉት ዓለም አቀፉን የመኖሪያ ቤት ኮድ ነው። በቅርብ ዓመታት እትሞቹ መሠረት የማድረቂያ ቱቦ ስፋት 4 ኢንች ሲሆን፣ ማሽኑን ከግድግዳው ቱቦ ጋር ከሚያገናኘው መሸጋገሪያ ጀምሮ እስከ ውጭ መውጫው ድረስ ያለው ርዝመት ከ35 ጫማ መብለጥ የለበትም። በቀደሙት እትሞች ግን ወሰኑ 25 ጫማ ስለነበር፣ አካባቢዎ የትኛውን እትም እንደሚከተል ከካውንቲው የግንባታ ፈቃድ ቢሮ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቁጥሩ በዚህ አያበቃም። በ90 ዲግሪ የሚታጠፍ እያንዳንዱ ተራ ጎሚቶ (የቱቦ መታጠፊያ ቁራጭ) ከተፈቀደው ርዝመት 5 ጫማ፣ በ45 ዲግሪ የሚታጠፈው ደግሞ 2 ጫማ ተኩል ይቀንሳል። ስለዚህ አራት ተራ ጎሚቶ ያለው መስመር 20 ጫማ ተበልቶበት የሚቀረው 15 ጫማ ብቻ ነው። በአንጻሩ ውስጡ ልስልስ የሆነና በ10 ኢንች ሬዲየስ ቀስ ብሎ የሚዞር ጎሚቶ የሚቀንሰው አንድ ጫማ ተኩል ብቻ ስለሆነ፣ አራቱም እንዲህ ያሉ ቢሆኑ 29 ጫማ ይተርፋል። ይህ ልዩነት በጣም ትልቅ ሆኖ ሳለ ብዙ ሠራተኞች በመደብር በቅርብ የሚገኘውን ተራ ጎሚቶ ይገጥማሉ። ሰፊው ጎሚቶ በግድግዳ ውስጥ ለመዞር ቦታ ባይበቃውም፣ በአቲክ (በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ባለው ቦታ) ወይም በወለል ሥር ባለው ክፍት ቦታ ግን ያለ ችግር ይገባልና ኮንትራክተሩን በግልጽ ይጠይቁት።

ኮዱ የማሽኑን አምራች መመሪያ ተከትሎ ከዚህ የረዘመ መስመር መዘርጋትንም ይፈቅዳል፤ አንዳንድ አምራቾች ከ35 ጫማ በላይ ይፈቅዳሉና። እኔ ግን ይህን አልመክርም። ማሽን ይለወጣል፣ በግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ቱቦ ግን እንደተቀበረ ይቀራል፤ ቀጣዩ ማድረቂያ ያንን ርዝመት ላይችለው ይችላል።

ሦስቱ መንገዶች

የመጀመሪያውና ሁልጊዜ በቅድሚያ ሊመረመር የሚገባው፣ ማድረቂያውን ከውጭ ግድግዳ ጋር አስጠግቶ በቀጥታ ወደ ውጭ ማስወጣት ነው። ቱቦው ጥቂት ጫማ ብቻ ይሆናል፣ መታጠፊያ አይኖረውም ወይም አንድ ብቻ ይኖረዋል፣ ከውጭ በመሰላል ወይም በቆመበት ሰው ደርሶ ያጸዳዋል። ጉዳቱ የማሽኖቹን ቦታ መወሰኑ ነው፤ ታውንሃውስ የውጭ ግድግዳ ያለው ከፊትና ከኋላ ብቻ ስለሆነ፣ መስኮት ያለበትን የክፍል ጎን ለማሽን መስጠት ሊያስፈልግ ይችላል። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ይተወዋል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከመኝታ ክፍል ወይም ከመታጠቢያ ቤት ጥቂት ጫማ ቆርሶ ማሽኖቹን ወደ ውጭ ግድግዳው ማስጠጋት፣ ረጅም ቱቦ በቤቱ መካከል ከመቅበር ይሻላል። መውጫው ወደ ቤት ከሚያስገባ ከማንኛውም ክፍተት፣ መስኮትም ሆነ በር፣ ቢያንስ 3 ጫማ መራቅ አለበት፤ ብዙ አምራቾችም ከመሬት ቢያንስ 12 ኢንች ከፍ እንዲል ይጠይቃሉ፤ በረዶ በሚከመርበት አገር ከዚህም ከፍ ቢል ይመረጣል። የአየር ማቀዝቀዣው የውጭ ክፍል አጠገብ ማውጣትም አይገባም፤ ብናኙ በማቀዝቀዣው ቀጫጭን ክንፎች ላይ ተለጥፎ ሥራውን ያዳክመዋል።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ታች ወርዶ በወለል ሥር፣ በቤዝመንት ኮርኒስ ወይም በክሮውልስፔስ (ከወለሉ ሥር ሰው እየዳኸ በሚገባበት ዝቅተኛ ቦታ) በኩል ወደ ውጭ መሄድ ነው። ማሽኖቹ በመጀመሪያው ፎቅ ላሉ ቤቶች ጥሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ የቤዝመንቱ ኮርኒስ ገና ካልተሸፈነ መስመሩ በዓይን ይታያል፣ ሲያስፈልግም ይፈታል። እዚህ ላይ የሚወስነው ጆይስት የሚባሉት የወለል ተሸካሚ እንጨቶች የተዘረጉበት አቅጣጫ ነው። ቱቦው ከጆይስቶቹ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ከሆነ በሁለቱ መካከል በነጻነት ያልፋል። ሊያቋርጣቸው የሚገባ ከሆነ ግን ችግር ይመጣል፤ ኮዱ በጆይስት ውስጥ የሚበሳው ቀዳዳ ከእንጨቱ ቁመት አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ስለሚከለክል፣ ትልቅ የሚባለው 2 በ12 እንጨት እንኳ እውነተኛ ቁመቱ 11 ኢንች ከሩብ በመሆኑ ለ4 ኢንች ቱቦ አይበቃም። በፋብሪካ የተሠሩ አይ ቅርጽ ያላቸው ጆይስቶችና ክፍት ትረሶች (መሐላቸው ክፍት የሆነ ፍሬም መሰል ተሸካሚዎች) የራሳቸው የአምራች ሰንጠረዥ አላቸው፤ ክፍት ትረስ ያለበት ቤት በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። በክሮውልስፔስ የሚያልፍ ቱቦ እዚያው ማብቃት ፈጽሞ የለበትም፤ እርጥበቱ እንጨቱን ያበሰብሳልና እስከ ውጭ መድረስ አለበት። መስመሩም መሐል ላይ እንዳይረግብ በየመካከሉ መታሰርና ወደ መውጫው በኩል ትንሽ ማዘቅዘቅ ይኖርበታል፤ በረገበው ቦታ ውሃ ይጠራቀማል፣ ውሃውም ብናኙን ወደ ጭቃ ይለውጠዋል።

ሦስተኛው በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ ወጥቶ በአቲክ አልፎ በጣሪያ ወይም በቤቱ ጎን መውጣት ነው። በፎቅ መካከል ለሚገኝ የልብስ ክፍል ብዙውን ጊዜ ሌላ አማራጭ ስለማይኖር ኮንትራክተሮች ፈጥነው የሚያቀርቡት ይህን ነው፤ ከሦስቱ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልገውም ይኸው ነው። ብናኝና እርጥበት የያዘ አየር ወደ ላይ ሲገፋ፣ ማሽኑ ሲቆም የቀረው ተመልሶ ይወርዳል። አቲኩ በክረምት ቀዝቃዛ ስለሆነ በቱቦው ውስጥ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ይለወጥና ወደ ማሽኑ ይመለሳል፤ ስለዚህ በአቲክ ያለው ክፍል በሙሉ በሙቀት መከላከያ መጠቅለል ይኖርበታል። የጣሪያው ክዳን የአየር መመለሻ መከላከያ ያለው፣ ግን ምንም ዓይነት ወንፊት የሌለበት፣ ለማድረቂያ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት፤ ወንፊት በጥቂት ወራት ውስጥ በብናኝ ይደፈናል። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ባለው የአየር መግቢያ በኩል ማውጣትም ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን እርጥብ አየሩ በአጠገቡ ባሉት የአቲክ መተንፈሻዎች ተመልሶ ይገባል፣ ከላይ ያልሁት የ3 ጫማ ርቀትም እነዚህን መተንፈሻዎች ይጨምራል። ከሁሉም በላይ ግን ጽዳቱን ያስቡት፦ ጣሪያ ላይ የወጣን ቱቦ ለማጽዳት በየጊዜው ጣሪያ ላይ የሚወጣ ባለሙያ መጥራት ግድ ይላል።

በግድግዳው ውስጥ ያለው ቦታ

ወደ ላይ የሚሄደውን መንገድ የመረጠ ሰው ቀጥሎ የሚገጥመው የግድግዳው ውፍረት ነው። የተለመደው የውስጥ ግድግዳ የሚሠራበት 2 በ4 ስታድ (የግድግዳው ቋሚ እንጨት) እውነተኛ ስፋቱ 3 ኢንች ተኩል ብቻ ስለሆነ 4 ኢንች ክብ ቱቦ በውስጡ አይገባም። ቱቦውን ጨፍልቆ ማስገባት አየሩን ከማነቁም በላይ ኮዱን ይጥሳል። ያሉት መፍትሔዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ግድግዳውን 5 ኢንች ተኩል ስፋት ባለው 2 በ6 ስታድ እንደ አዲስ መሥራት ሲሆን ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው። ሁለተኛው በነበሩት ስታዶች ላይ 2 በ2 እንጨት በመደረብ ግድግዳውን ወደ 5 ኢንች ማወፈር ነው፤ ወጪው ያነሰ ነው፣ የክፍሉ መጥበብም እምብዛም አይታወቅም። ሦስተኛው ለ2 በ4 ግድግዳ ታስቦ የተሠራውን ሞላላ የብረት ቱቦ መጠቀም ነው፤ ይህ ግን በሁለቱም ጫፍ ከክብ ወደ ሞላላ የሚለውጥ መገጣጠሚያ ስለሚፈልግ ለአየሩ ተጨማሪ እንቅፋት ይሆናል፣ እኔም ግድግዳውን መንካት በማይቻልበት ቤትና መስመሩ አጭር ሲሆን ብቻ እመርጠዋለሁ።

ቱቦው በግድግዳ ውስጥ መሄድ ያለበት በሁለት ስታዶች መካከል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብቻ ነው። አንዳንድ ጊዜ ስታዶቹን እየበሱ በአግድም ለመውሰድ የሚሞክሩ ይገኛሉ፤ ጣሪያ ወይም ፎቅ በተሸከመ ግድግዳ ከስታዱ ስፋት 40 በመቶ፣ ባልተሸከመው 60 በመቶ ብቻ መብሳት ስለሚፈቀድ፣ በ5 ኢንች ተኩል ስታድ ላይ 4 ኢንች ቀዳዳ ሁለቱንም ወሰን ያልፋል። እንዲሁም ከስታዶቹ በላይ በአግድም የተኛው እንጨት ከግማሹ በላይ ሲቆረጥ፣ ግድግዳው ተሸካሚ ወይም የውጭ ከሆነ በብረት ማሰሪያ መጠገን አለበት። በዚህ ምክንያት ሸክም የሌለበት የውስጥ ግድግዳ ይመረጣል። የውጭ ግድግዳ ደግሞ ለቱቦው ሲባል የሙቀት መከላከያው ስለሚወጣለት፣ ቱቦውም ስለሚቀዘቅዝ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ለሚሄድ መስመር አይስማማም።

በታውንሃውስ የሚኖር ሰው ከጎረቤቱ ጋር በሚጋራው ግድግዳ ውስጥ ቱቦ እንዲገባ ፈጽሞ መፍቀድ የለበትም። ያ ግድግዳ እሳት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እንዳይሻገር የተሠራ ነው፤ ኮዱም በጋራ ግድግዳው ክፍተት ውስጥ የአየር ቱቦ እንዳይዘረጋ ይከለክላል። ብዙ ቤተሰቦች ሌሊት ልጆቻቸውን የሚያስተኙት ከዚያ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ መሆኑን ማሰብ በቂ ምክንያት ይመስለኛል።

የቱቦው ዓይነት

እዚህ ላይ ብዙ ማመዛዘን አያስፈልግም። በግድግዳ፣ በወለል ወይም በኮርኒስ ውስጥ ለሚሸፈነው ክፍል ያለው ምርጫ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ውስጡ ልስልስ የሆነ ጠንካራ የብረት ቱቦ፣ ማለትም ቢያንስ የ28 ጌጅ ውፍረት ያለው የጋልቫናይዝድ ላሜራ ወይም አሉሚኒየም ነው። እንደ ፎይል የሚተጣጠፈው የብር ቀለም ቱቦ የተፈቀደው ማሽኑን ከግድግዳው ጋር ለማገናኘት፣ በአንድ ወጥ ቁራጭ፣ ከ8 ጫማ ሳይበልጥ፣ በዓይን በሚታይ ቦታ ብቻ ሲሆን፣ ለዚሁ አገልግሎት ተፈትኖ የጸደቀ መሆን አለበት። በዚህም ቦታ ከፊል ጠጣር አሉሚኒየም መጠቀም ከቀጭኑ ፎይል ይሻላል፤ ሲገፉት ቶሎ አይጨፈለቅም። በአሮጌ ቤቶች የሚገኘው ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ግን የሚቀጣጠል በመሆኑ፣ ቤት ሲገዙ ካገኙት በዚያው ሳምንት አስነሥተው ያስለውጡት።

አገጣጠሙም ከቱቦው ዓይነት ያልተናነሰ ዋጋ አለው። የእያንዳንዱ ቁራጭ ጠባብ ጫፍ አየሩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ወደ ቀጣዩ ውስጥ መግባት አለበት፤ በተቃራኒው ከተገጠመ ብናኙ በየመጋጠሚያው ጠርዝ ይያዛል። ብሎን ቢገባም ወደ ውስጥ የሚወጣው ጫፉ ከ1/8 ኢንች እንዳይበልጥ ተወስኗል። መጋጠሚያውን ማሸግ የሚገባው በአሉሚኒየም ፎይል ቴፕ ነው፤ ግራጫው የጨርቅ ቴፕ በሙቀት ሙጫው ደርቆ ይላቀቃል።

ከማሽኑ ጀርባ በግድግዳው ውስጥ የሚቀበረው የብረት ሳጥን አማራጭ እንጂ ግዴታ አይደለም። ተጣጣፊው ቱቦ በሳጥኑ ውስጥ ስለሚዞር ማሽኑ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ አይጨፈለቅም፤ ግድግዳው በተከፈተበት ጊዜ ማስገባቱ ጥቂት ወጪ ብቻ ስለሚጨምር ጠባብ ክፍል ላለው ሁሉ እመክረዋለሁ።

መንገዱ ከረዘመ፦ አጋዥ ማራገቢያ ወይስ ቱቦ የማይፈልግ ማሽን?

መስመሩ ተቆጥሮ ከወሰኑ ካለፈ፣ የሚቀርቡት ሁለት መፍትሔዎች ናቸው። አንዱ በቱቦው መሐል ለማድረቂያ ብቻ የተመሰከረለት አጋዥ ማራገቢያ መግጠም ነው። ለመታጠቢያ ቤት ወይም ለማሞቂያ የሚውል ተራ ማራገቢያ ለዚህ አይሆንም። የተመሰከረለትም ቢሆን በብናኝ መንገድ ላይ የተቀመጠ ሞተር ስለሆነ፣ ለማጽዳት ሊደረስበት በሚችል ቦታ መሆን አለበት፤ በአቲክ ጥግ ተረስቶ ከተደፈነ ጭራሽ ካለመኖሩ ይብሳል።

ሌላው ቱቦ የማይፈልግ ማድረቂያ መግዛት ሲሆን፣ እኔ የማዘነብለው ወደዚህ ነው። ከእነዚህ መካከል ኮንደንሰር የሚባለው እንፋሎቱን በቀዝቃዛ አየር አማካይነት ወደ ውሃ ይለውጣል፣ ሙቀቱን ግን ወደ ክፍሉ ይለቃል። ሂት ፓምፕ የሚባለው ያንኑ ሙቀት መልሶ ስለሚጠቀምበት ከተለመደው ማድረቂያ በግልጽ ያነሰ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ ልብሱንም በአነስተኛ ሙቀት ስለሚያደርቅ ለነጠላና ለሐበሻ ቀሚስ ጥለት ይራራል። በአውሮፓ ለሚኖሩ አንባቢዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እዚያ ቱቦ አልባ ማሽን የተለመደ ሲሆን፣ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብም ለገበያ የሚቀርቡትን አዳዲስ የቤት ማድረቂያዎች በሂት ፓምፕ ብቻ እንዲሆኑ አድርጓል። ጉዳቶቹን መደበቅ አይገባም፦ ዋጋው ከፍ ይላል፣ አንዱን ዙር ለመጨረስ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፣ የብዙዎቹ ሞዴሎች ልብስ የሚሽከረከርበት ከበሮ ጠበብ ያለ ነው፣ የሚወጣውም ውሃ ወደ ማጠቢያው ፍሳሽ መገናኘት ወይም ከማጠራቀሚያው መደፋት አለበት። የብናኝ ማጣሪያዎቹም መመሪያው በሚያዝዘው መሠረት መጽዳት አለባቸው። በሳምንት ደርዘን ዙር ለሚያጥብ ትልቅ ቤተሰብ የጊዜው መርዘም ሊያስቸግር ይችላል፤ ለሁለት ለሦስት ሰው ቤት ግን ግድግዳ ከመክፈት፣ ጣሪያ ከመብሳትና በየዓመቱ አጽጂ ከመጥራት በእጅጉ ይቀላል። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ደግሞ የውጭ ግድግዳውና ጣሪያው በብዙ ቦታ የማኅበሩ የጋራ ንብረት ስለሆኑ፣ ያለ ማኅበሩ ፈቃድ መብሳት ስለማይችል፣ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ምርጫ ይኸው ነው።

ድራይዎሉ ከመዘጋቱ በፊት

ቱቦውን የመረጠ ሰው ግድግዳው ክፍት እያለ የሚያረጋግጣቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። በ2 በ6 ግድግዳ መሐል የገባ 4 ኢንች ቱቦ በየጎኑ የሚተርፈው ሦስት ሩብ ኢንች ብቻ ነው፤ ከስታዱ ፊት እስከ ቱቦው ያለው ርቀት ከ1 ኢንች ከሩብ ባነሰበት ቦታ ሁሉ ምስማርና ብሎን እንዳይበሳው የብረት መከላከያ ሳህን መደረግ አለበት። ይህ ሳህን ባልተደረገበት ቤት ሥዕል ለመስቀል የተመታ አንድ ምስማር ቱቦውን ሊበሳና ለዓመታት ብናኝ ሊያጠራቅም ይችላል። ቱቦው የላይኛውን እንጨት ያለፈበት ዙሪያ ክፍተትም እሳት ወደ አቲክ እንዳይወጣ መታሸግ አለበት። ማድረቂያው በር ባለው ቁም ሣጥን መሰል ክፍል ውስጥ ከሆነ፣ የሚያስወጣውን ያህል አየር የሚያስገባበት ክፍተት ያስፈልገዋል፤ ኮዱ ለዚህ ቢያንስ 100 ካሬ ኢንች ይጠይቃል፣ በተገቢ መጠን የተቀደደ ወይም ሽንቁር ያለው በርም ያሟላዋል።

ከዚያ በኋላ የካውንቲው ተቆጣጣሪ ሥራውን ሳያይ ግድግዳው እንዳይዘጋ ኮንትራክተሩን በጽሑፍ ያስገድዱት፤ ፈቃድ ሳይወጣ እንሥራው የሚል ሠራተኛ ቢገጥምዎ ሥራውን አይስጡት። መስመሩን በሙሉ ከሜትር መለኪያ ጋር ፎቶ አንሡ። ቱቦው የተሸፈነ ከሆነ አንዳንድ የኮዱ እትሞች ከማሽኑ መገናኛ በ6 ጫማ ርቀት ውስጥ የመስመሩን ተመጣጣኝ ርዝመት የሚገልጽ ቋሚ ምልክት እንዲለጠፍ ይጠይቃሉና፣ ጎሚቶዎቹ ሁሉ ተቆጥረው የወጣው ቁጥር በዚያ ላይ በጉልህ መጻፉን ከኮንትራክተሩ ጋር ቆመው ያረጋግጡ፤ ቀጣዩን ማድረቂያ የሚገዛው ሰው፣ እርስዎም ይሁኑ ሌላ፣ የሚያነጻጽረው ከዚያ ቁጥር ጋር ነው።